የስንሻው መቃብር መንገድ

ቻላቸው ጨዋታ አዋቂ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ድንበር ተሻግሮ ሀዋታ መውረድ ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አፉ ከማጭዱ አይሰንፍም ይሉታል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን በራሃድ ወንዝ ዳር ያን ሁሉ ጨዋታ የሚያመጣው ጭንቀት ነበር።

ከኋላው እማማ እናትነሽ ይከተሉታል። ከጭልጋ ወዲያ ተነስተው፣ መተማ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው ሦስት ቀን አድረው፣ በገላባት ተሻግረው ነው የመጡት። አዲስ አቡጀዲ የያዘ ዘንቢል አንግተዋል። የልጃቸውን የስንሻውን አፅም በአቡጀዲው ጠቅልለው ወስደው፣ በደብራቸው ቅጥር ሊያሳርፉት ነው። ስንሻው ዓምና በጥቅምት ወባ ጥሎት እዚሁ ሞተ፤ የቀበረው የሥራ ጓደኛው ቻላቸው ነው።

መንገዷስ ሸጋ ናት። ዳገት የላት፣ ቁልቁለት የላት፤ በግራሮቹ ጥላ ሥር ወንዙን ተከትላ ትሄዳለች። አርብ አርብ የሀዋታ ሰው ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርባታል።

«ይኼ የቱርክ ጊዜ ምሽግ ነው ይላሉ» አለ ቻላቸው፣ የፈረሰ የጭቃ ግንብ እያሳየ። «ያችኛዋ ደግሞ የእንግሊዝ ውኃ መሳቢያ ናት፤ ዝጋ ቀረች። ጦጣዎቹን አያዩዋቸውም? ሰው እኮ አይፈሩም!»

«አየሁ ልጄ። ገና ነው?»

«ደረስን እናቴ።»

ይኼን «ደረስን» ሲል ሦስተኛው ነው። ምን ያድርግ! በመስከረም ለሥራ ሲወርድ መቃብሩን ሊያይ መጥቶ ነበር። የክረምቱ ሙላት ዳርቻውን ገምሶ፣ ከራስጌው የነበረውን ዛፍ ከነሥሩ፣ መቃብሩን ከነመስቀሉ ጠርጎት ሄዷል። ሊነግራቸው ስንቴ ደወለ፤ ድምፃቸውን ሲሰማ ጤናቸውን ጠይቆ ይዘጋል። እሳቸው «ልመጣ ነው» ሲሉት ደግሞ «ይምጡ» አላቸው። አይ ቻላቸው! አንዲት ቃል አቅቶህ አሮጊት አገር አቋርጠው ይምጡ?

የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። የቀብሩ ቀን የእርሻው ዘበኛ ሐጂ ኢድሪስ እጁን ይዞ ለምኖት ነበር። «ያ ዘውል፣ አንተ ሰው፣ እዚህ አትቅበሩት። ራሃድ በክረምት ዳሩን ይበላል። ጉብታው ላይ አውጡት።»

ጉብታው በቃሬዛ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሰሊጡ ደግሞ ደርሶ አፉን ሊከፍት ነው፤ በጊዜ ካልታጨደ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የአጫጆቹ አለቃ ቻላቸው ነበር። በክረምት አይቶት የማያውቀውን ወንዝ አየው፤ እንደ አገሩ ወንዝ ከገደሉ የማይወጣ መሰለው። «አፈሩም ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይቆፈራል» ብሎ እዚያው አስቆፈረ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ አጨዳው ተመለሱ። ለወንድም ያህል ጓደኛ አንድ ሰዓት ተኩል ነፈገው፤ ይኼው ነው እንቅልፍ የነሳው።

መንገዷ ድንገት አለቀች። ፊት ለፊት የተገመሰ አፈር፣ ከሥሩ የደፈረሰ ውኃ።

«መቃብሩ የታል ቻላቸው?»

ቻላቸው እግራቸው ላይ ወደቀ። «ወንዙ ወሰደው እናቴ። ጉብታው ላይ ቅበር ተብዬ ነበር፤ ሰሊጡ እንዳይረግፍ ብዬ ቸኮልኩ። በመስከረም አይቼ ደበቅሁዎት። ይርገሙኝ!»

እማማ እናትነሽ ዘንቢላቸውን አውርደው ዳርቻው ላይ ተቀመጡ። ሙሾ ያወርዳሉ ብሎ ጠበቀ፤ አላወረዱም። እርግማን ጠበቀ፤ እሱ እንኳ በቀለለው ነበር። ውኃውን አዩት። ከዚያ አቡጀዲውን አወጡና ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ የታጠፈውን እንደገና ያጥፉት ጀመር።

«ሰሊጡስ?» አሉት ቀና ሳይሉ። «ሳይረግፍ ደረሳችሁበት?»

ያ ጨዋታ አዋቂ «እሱም ረገፈ» ብሎ መዋሸት ፈልጎ ነበር፤ አልቻለም።

«ደረስንበት እናቴ» አለ። «አንድም አልረገፈ።»