የበላ ነው የሚያስመልሰው

ባለፈው ሳምንት ጉልበቴን ለመታየት ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው፤ «እርጅና ነው» ማለት ከብዶት «ትንሽ ክብደት ቢቀንሱ» ብሎ ሸኘኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ጉንፋን ለያዘው ወንድሜ የገዛሁትን ሎሚ በፌስታል አንጠልጥዬ አስፋልቱ ዳር ካለች ካፌ ገባሁና፣ ለንዴቴ ማብረጃ ሻይ ከነብስኩቱ አዘዝኩ። ካፌዋ ከአንድ የኳስ መወራረጃ ቤቲንግ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። የቤቲንግ ቤቱ ደጅ ላይ የተቀዳደደ ትኬት እንደ ፈንዲሻ ተበትኗል። ውስጥ ወጣቶቹ አንገታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰቅለው ቆመዋል። ገና ረፋድ ነው፤ ሥራ የሚባል ነገር ከሰፈሩ የጠፋ ይመስላል።

አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ፣ በሁለት እጁ አንዲት ትኬት ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ከሚስቱ ጋር እያወራ መሆኑ ያስታውቃል። «አንድ ጌም ብቻ ነው የበላኝ፤ ሌላው ሁሉ ገብቶልኝ ነበር» ይላታል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በናትሽ ትንሽ ታገሺኝ፤ ላስመልስና እመጣለሁ» አላት።

ላስመልስ። ብስኩቱ ሻዩ ውስጥ ሟሙቶ ቀረ። ይህችን ቃል እንዲህ ባለ ቦታ ከሰማኋት ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ የምታነቃብኝ ድንጋጤ ግን ዛሬም ልጅ ነው። አሁን ያ ሐኪም ቢያየኝ ምን ይቀንሱ ይለኝ ነበር?

ያደግነው ቀራንዮ ነው። ዛሬ ፎቅ ከፎቅ እየተጋፋ ሰማዩን ሊደፍነው ነው እንጂ፣ ያኔ ከተማው ደክሞት የሚቀመጥበት ሰፈር ነበር። ክረምት ሲገባ ከአየር ጤና የሚመጣው ታክሲ ጭቃውን ፈርቶ ከሩቅ ያራግፈናል፤ ደህናውን ጫማ በፌስታል ቋጥረን በቦቲ እየተንቦጫረቅን እንገባለን። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሲሞት የስፌት መኪናውን ለታላቅ ወንድሜ ለዮናስ፣ ዮናስን ደግሞ ለእናቴ ጥሎ ሄደ። እናቴ ከሆለታ በኩል ቅቤና አይብ እያስመጣች ትሸጣለች፤ ቤቱ የሚቆመው ግን በዚያች መኪና ነበር። ዮናስ በፊት ለፊቱ ክፍል ሲሰፋ ድምፁ ግድግዳውን አልፎ ጓዳ ድረስ ይሰማል። ድምፁ ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቋረጥ እናቴ የያዘችውን ትታ ቀና ትላለች። መጀመሪያ ላይ ይህን ልብ አላልኩትም ነበር፤ በኋላ እኔም አብሬያት ቀና ማለት ጀመርኩ።

የዮናስ ነገር የተጀመረው በሥራ ነው። ከፌርማታው ጀርባ ጋሽ በየነ የሚባሉ ሰው ከረምቡላ ቤት ነበራቸው። የጠረጴዛው አረንጓዴ ጨርቅ ተቀዶ ኳሱ እየተሰናከለ ቢያስቸግራቸው፣ «ያን የልብስ ሰፊውን ልጅ ጥሩልኝ» አሉ። ዮናስ መርፌና ክሩን ይዞ ሄዶ ስፌቱ በእጅ ተዳስሶ እንኳ እንዳይታወቅ አድርጎ ጠቀመው። ለሙከራ አንድ ጨዋታ ጋበዙት፤ አሸነፈ። ያን ቀን ሥጋ በጋዜጣ አስጠቅልሎ፣ ብርቱካን ተሸክሞ እያፏጨ ገባ። እናቴ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ሥራውን ስለባረከለት ጌታን አመሰገነች። እኔም ብርቱካኑን እየላጥኩ «አሜን» አልኩ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ጨርቁ በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር። ዮናስ «ጋሽ በየነ ጋ ሥራ አለኝ» ብሎ ይወጣል፤ እናቴም ስንት ቀዳዳ ያለው ጠረጴዛ ነው ብላ አልጠየቀችም። ቁማር በእኛ ቤት የሌላ ሰው ኃጢአት ነበር። የሚጠጣ፣ የሚያጨስ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይሄድ ሰው ነው ቁማርተኛ የሚሆነው ብለን እናምን ነበር። ዮናስ ደግሞ ከመዘምራኑ ጋር የሚዘምር፣ ለስላሳ እንጂ ሌላ የማይቀምስ ልጅ ነው። ማን ይጠርጥር?

ያ ዘመን አምልኳችን ተከልክሎ በየቤቱ መጋረጃ ዘግተን በሹክሹክታ ከዘመርንባቸው ዓመታት በኋላ፣ በአደባባይ መዘመር የቻልንበት ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ጸሎት ቤት ሠርተን ነበር። መዘምራኑ ለአዲስ ዓመት የመጀመሪያውን የደንብ ልብሳቸውን ሊለብሱ ተነሡ፤ ለቀሚሱ ነጭ ቴትሮን፣ ለአንገትጌው ሰማያዊ ሳቲን። ከምስር ወጡም ከታክሲውም እየቀነሱ ያዋጡበት ጨርቅ ነው። የመዘምራኑ መሪ እህት ጽጌ ጥቅሉን እንደ ሕፃን አቅፋ አምጥታ ዮናስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና፣ «ወንድም ዮናስ፣ እንግዲህ ለሹክሹክታው ማካካሻ ነው፤ አደራ» አለችው። ዮናስም «አደራ የለውም፣ የራሴ ልብስ አይደል እንዴ?» አላት።

ጳጉሜን ገባ። ዝናቡ ቀንሶ አደይ አበባ በየአጥሩ ስር ብቅ ብቅ ብሏል። መኪናው ግን ዝም አለ። እናቴ ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓዳ ትላለች። የተላጠውን ድንች መልሳ ትልጣለች። በመጨረሻ፣ «አስቴር፣ እስኪ ያን ወንድምሽን ጥሪው፤ ዓመት በዓሉ ጉያችን ገብቶ እሱ የሰው ጠረጴዛ ይጠግናል?» ብላ ላከችኝ።

በመንገዱ ዳርና ዳር የሚጠበስ በቆሎ ይሸታል። ከረምቡላ ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ሰው ሲጋራ ያጨሳል።

«ዮናስ አለ?» አልኩት።

«አለ። ሊያስመልስ ነው፤ ትንሽ ቆይተሽ ነይ» አለኝ።

በድንጋጤ ዞሬ ሮጥኩ። ቤት ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጦ፣ «እማዬ፣ ጋሼ ዮናስ ሊያስመልስ ነው አሉ!» አልኳት።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?» አለች እናቴ፤ ስትደነግጥ ኦሮምኛው ይቀድማታል። «ምን በልቶ? ምን በልቶ ነው ልጄ?» መልስ አልጠበቀችም። ሎሚ ያዘች፣ ከአጥሩ ጤና አዳም ሸመጠጠች፣ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ብብቷ ውስጥ ወትፋ ወጣች። ጎረቤት ሁሉ «ምን ሆናችሁ?» ይላል፤ እሷ «ልጄ ታሞብኝ» እያለች ጭቃውን ትሰነጥቀዋለች። እኔ ከኋላዋ እየተንሸራተትኩ እከተላለሁ።

እናቴ እንዲህ ያለ ቤት ገብታ አታውቅም። በሩ ላይ ስትደርስ ውስጡ ጨለም ያለ ሆነባትና ማንንም መለየት አልቻለችም። ስሙን አልጠራችም። «ልጄ!» ብላ ተጣራች።

በዚያ ቤት የነበረ ወንድ ሁሉ ዞረ። ፀጉሩ የሸበተ ሳይቀር ዞረ። ዮናስ ብቻ በመምቻው ዘንግ ተደግፎ ወደ ጠረጴዛው እንዳቀረቀረ ቀረ።

ሎሚውንና ሳፋውን ሲያዩ ነገሩ የገባቸው ሳቁ። አንዱ፣ «እማማ፣ የሆድ አይደለም እኮ! ተበልቶ ነው፤ የተበላውን ነው የሚያስመልሰው» አላት። ሳቁ ባሰ። እናቴም ያልገባው ሰው እንደሚስቀው ትንሽ ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ መርሳት አልቻልኩም። ቀጥሎ ዓይኗ ከጋሽ በየነ ኋላ ያለው መደርደሪያ ላይ አረፈ። ከከረሜላውና ከሻማው መሃል ሰማያዊው ሳቲን ተጣጥፎ ተቀምጧል። በዚያ ቤት ኪሱ የደረቀ ሰው መያዣ አስቀምጦ ይጫወት እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው፤ እናቴ ግን በዚያች ቅጽበት ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ሄዳ ሳፋውን በአረንጓዴው ጨርቅ ላይ፣ ዮናስ በጠቀመው ቦታ ላይ፣ ዘጭ አደረገችው። ኳሶቹ ተበተኑ።

«እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም። «ግን ልጆች አሳድጌያለሁ። የተበላ ሲያስመልስ አይቼ አላውቅም። የበላ ነው የሚያስመልሰው። የእኔ ልጅ ምን በልቶ? የበላችሁት እናንተ ናችሁ። በሉ፣ ሳፋው ይኸውላችሁ፤ አስመልሱ።»

የሚስቅ ጠፋ። ጋሽ በየነ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ተነሥተው ሳቲኑን አወረዱና በሁለት እጃቸው ሳፋው ውስጥ አኖሩት። «ነጩ እኔ ጋ የለም፣ እናቴ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «የበላው ሰው ጠዋት ይዞት ወደ አገሩ ሄዷል።»

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ሳፋውን አቅፋ ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ ዮናስ ከኋላ ነበርን። ዞር ባልኩ ቁጥር ይበልጥ ርቆ አየዋለሁ፤ እንዳይጠፋ ብዬ ደጋግሜ ዞርኩ። ቤት ስንገባ እናቴ ሎሚውን ለሁለት ከፍላ አንዱን ሰጠችውና «ምጠጠው» አለችው። ዮናስ ሎሚውን እየመጠጠ አለቀሰ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መኪናውን አስነሣ።

በአዲስ ዓመት ዕለት መዘምራኑ በየራሳቸው ልብስ ላይ ሰማያዊ አንገትጌ አድርገው ቆሙ። አንዷ በቡናማ ሹራብ፣ አንዱ በአባቱ ኮት፣ ሌላዋ በአበባ ቀሚስ፤ አንገታቸው ብቻ አንድ ዓይነት። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው መቼስ። እናቴ ለእህት ጽጌ እውነቱን ነግራት ነበር፤ ጽጌም አንገቷን ይዛ አልቅሳ፣ «አንገትጌ ካለ ይበቃል» አለቻት። ምዕመናኑ ሆን ተብሎ የተሠራ አዲስ ፋሽን መስሏቸው አደነቁ። ለዮናስ የተሠራችው አንገትጌ ወንበር ላይ ታጥፋ ተቀምጣ ነበር። እኔ መዝሙሩን ትቼ በሩን ሳይ ዋልኩ።

ያን ቀን ተወ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አልተወም። ሎሚው ለጥቂት ሳምንታት ያዘውና ለቀቀው። እናቴ ግን በዚያች ቀን መንገዱን ለመደችው። መኪናው ዝም ባለ ቁጥር ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች፤ ከጋሽ በየነ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር ሌላውንም አገኘችው። የስፌት መኪናው አንዴ ሄዶ በቅቤዋ ዋጋ ተመለሰ፤ ሁለተኛ ሲሄድ ግን አልተመለሰም። መኪናው ከቤት ከወጣ በኋላ እንኳ፣ የሚቋረጥ ድምፅ ሳይኖር፣ ሰዓቱ ሲደርስ ቀና ትል ነበር። «ተይው እማዬ» ስላት፣ «ዛሬ ብቻ፤ ዛሬ ይመጣል መሰለኝ» ትለኛለች። እሱ የተበላውን ሊያስመልስ፣ እሷ የተበላባትን ልጅ ልታስመልስ። ቁማርን የምጠላው ለዚህ ነው። በቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ከያዘ፣ ጠረጴዛውን አይታ የማታውቀው እናት ሳትቀር ትጫወታለች፤ የምታስይዘው ደግሞ ዕድሜዋን ነው።

እናቴ ሞተች፤ ዮናስ ከዚያ በኋላ ተወ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው፣ «በሩ ላይ ቆሞ የሚጠራኝ ሲጠፋ ጊዜ፣ መውጣት እንዳለብኝ ያወቅኩት ያኔ ነው» አለኝ። በጥፊ ልለው እጄን አንሥቼ ነበር። እሷ እያለች ምን ነበረበት? ለረጅም ጊዜ አኮረፍኩት። ኩርፊያውም ሰለቸኝና ታረቅን። ዛሬ ቤቴል አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል።

ካፌው ውስጥ ያ ልጅ ስልኩን ዘግቶ ወጣ፤ ወደ ጎን፣ ወደ ቤቲንግ ቤቱ ብቻ ነበር የሄደው። እኔ ሎሚዬን ይዤ ወንድሜ ጋ ደረስኩ። የሰማሁትን ስነግረው ዮናስ የመኪናውን መርገጫ አቆመ። ድምፁ ሲቋረጥ እኔ ቀና አልኩ፤ አይለቅም መቼስ።

«ላስመልስ ነው ያላት?»

«እንደሱ ነው ያላት።»

ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተነሣ። ከፌስታሉ አንድ ሎሚ አወጣና፣ «ነይ አሳዪኝ» አለኝ። በዚያ ጉልበቴ እየተጎተትኩ ተከተልኩት።

በሩ ላይ ስንደርስ ውስጡ ጢም ብሏል። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውናል፤ ሁሉም ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

«የትኛው ነው?» አለኝ ዮናስ።

ከኋላ ሲታዩ ሁሉም አንድ ሆኑብኝ። «አልለየሁትም» አልኩት። «ስሙንም አላውቀው።»

ወንድሜ ሎሚውን እንደጨበጠ ወደ በሩ ይበልጥ ተጠጋ። ከዚያ ጉንፋን በዘጋው ድምፁ «ልጄ!» ብሎ ተጣራ።

ብዙዎቹ ዞሩ።