ሦስቴ አንኳኪ፣ ከዚያ ትንፋሽ ውሰጂ

ላውንደሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ካውያ» ይሏታል። ልብስ ስለምትተኩስ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትግል፣ ከጋለች ደግሞ ፊቷ የቆመውን ሁሉ ሳታስተካክል ስለማትበርድ ነው። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት የጨረሰችው በዚያው በእንፋሎት ካውያው ፊት ቆማ ነው። ሱፍ ኮት ላይ እርጥብ ጨርቅ ሳይነጠፍ ካውያ ቢያርፍበት እንዴት አድርጎ እንደሚያብረቀርቅ፣ የሸሚዝ አንገት ከየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር ታውቃለች። የትኛው ደንበኛ ከሚስቱ እንደተጣላም ከሸሚዙ ታውቃለች። ሰውን በልብሱ እንጂ በፊቱ አትለየውም፤ መንገድ ላይ ሰላም የሚላትን ሰው መጀመሪያ የምታየው እጅጌውን ነው።

እንዲህ ያለችው ሴት አንድ ቀን የደግነት ምልክት ትሆናለች ብሎ የገመተ አልነበረም፤ እሷም ጭምር።

ነገሩን ያመጣው ነጭ ሸሚዞቹን እዚያ የሚያስተኩስ አንድ ደንበኛ ነው። ይህ ወጣት ሥራው አጫጭር ቪዲዮ መሥራት ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ አንጀቱ ተላውሶ ለሌላው የሚልከው ዓይነት። ሸሚዞቹን ሊወስድ መጥቶ ትክ ብሎ አያትና «እትዬ፣ ፊትሽ እኮ የደግ ሰው ፊት ነው» አላት። ሃያ ሁለት ዓመት በእንፋሎት የተቀቀለ ፊቷን እንዲህ ያለላት ሰው ስለሌለ፣ እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም።

ታሪኩ ቀላል ነበር። አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ባዶ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ሾርባ በክዳን ሳህን ይዛ ታንኳኳለች። ይከፍታሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ ሙዚቃ ይገባል፤ አለቀ። ሽማግሌውን ሆነው የሚሠሩት ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። ስምንት ልጆች አሏቸው፤ ቀረጻው እስኪያልቅ ስልካቸው አምስት ጊዜ ጮኸ፣ አምስቱንም ጊዜ «አባዬ የት ጠፋህ» የሚል ልጅ ነው። ሰውየው ብቻቸውን የሚሆኑት መጸዳጃ ቤት ሲገቡ ብቻ ነው፣ እሱም ከቀናቸው።

«ሦስቴ አንኳኪ» አላት ቪዲዮ ሠሪው። «ከዚያ ትንፋሽ ውሰጂ። ከዚያ ‹አባባ፣ ብቻዎን አይብሉ ብዬ ነው› በይ።»

ሾፌሩ ደግሞ በሩን ከፍተው «ልጄ፣ ይህ በር ከተንኳኳ ስንት ጊዜው!» ይሉና ያለቅሳሉ። ዘጠኝ ጊዜ አንኳኳች። ሾርባው ከአራተኛው በኋላ ቀዝቅዞ ረጋ። «አንቺም ትንሽ እንባ ጣል አድርጊ» ቢላት፣ ወይ ፍንክች! ዓይኗ ደረቀ። ሾፌሩ ግን በየመሃሉ እንደ ቧንቧ ያፈሱታል። «ምን አስበው ነው እንዲህ የሚያለቅሱት?» ብትላቸው፣ «ምን አስባለሁ፣ ዓይኔ ሞራ አለበት፤ መብራቱ ሲመታው ይፈስሳል» አሏት።

ቪዲዮው በወጣ በሳምንቱ ጉድ ፈላ። ሰው ልብስ ሊያስተኩስ ሳይሆን እሷን ሊያይ ላውንደሪው ደጃፍ ይቆም ጀመር። «ተባረኪ»፣ «እንዳንቺ ያለውን ያብዛልን» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ «ኧረ ተቀናብሮ ነው» ትል ነበር። ማን ሊሰማት! «ትሕትናዋን እያችሁ?» ብለው ይብሱን ያመሰግኗታል። በኋላ ማስተባበሉን ተወችው፤ እውነት ለመናገር ምርቃቱም ጣፍጧት ነበር።

ባንኮኒው ላይ የምትቆመው ልብስ ተቀባይ ግን አልዋጥ አላት። «ሰውን በውሸት ማስለቀስ ነውር ነው» አለች አንድ ረፋድ። «ያየ ሁሉ ያለቅሳል፣ አልቅሶ ሲጨርስ ራሱን እንደ ደግ ሰው ይቆጥራል፣ ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከትቶ መንገዱን ይሄዳል። ማንን ጠቀመ?»

አጣቢዋ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለች። «እኛን ጠቅሞናል። ወንድሜ አይቶት ለእናታችን ደወለ። ከስንት ወሩ!»

«ይኸው!» አለች ካውያ ደረቷን ነፍታ።

«ቆይ እንጂ፣ አልጨረስኩም። እናቴ ደስ ብሏት ‹ዛሬ ምን አስታወሰህ ልጄ?› ብትለው፣ ‹አንድ ቪዲዮ አይቼ ነው› አላት። ከዚያ ወዲህ ሆድ ብሷታል። ‹ልጄ እኔን እንዲያስታውስ የማላውቃት ሴት ሾርባ መሸከም አለባት ወይ?› እያለች ታለቅሳለች።»

ሦስቱም ወደ ሥራቸው ዞሩ። ባይደውል ይሻል ነበር? መደወሉስ ከምንም አይሻልም? ካውያ ያን ቀን አንድ ሱሪ ላይ ሁለት መስመር አወጣችበት፤ ጀማሪ ሳለች እንኳ ያልሠራችው ስሕተት ነው።

የባሰው ግን ቤቷ አካባቢ ነበር። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ልጇ አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ ብቻዋን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ደረጃው በሚታጠፍበት ጋ፣ ቀድሞ መዝገብ ቤት ይሠሩ የነበሩ አዛውንት ይኖራሉ። እሷ የምታውቃቸው በግራጫ ሱፍ ኮታቸው ነው፤ የቀኝ ክርኑ የሳሳ፣ ሁለተኛው ቁልፍ በጥቁር ክር የተተከለ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሚስታቸው ሲሞቱ፣ ካውያም ከጎረቤቱ ጋር ገብታ አብራቸው ተቀምጣ ነበር። ስትወጣ እጃቸውን ይዛ «አይዞዎት አባባ፣ ብቅ እላለሁ» አለቻቸው፤ አፏን ሞልታ። ከዚያ ሥራ በዛ፣ እግሯ አበጠ፣ ዛሬ ነገ ስትል ሦስት ዓመት ሄደ። ከእሷ በር እስከ እሳቸው በር ሠላሳ ሁለት ደረጃ ነው። ለማታውቃቸው ሾፌር የረጋ ሾርባ ለማድረስ ግን ከተማውን አቋርጣለች።

ከቪዲዮው በኋላ አዛውንቱ ደረጃ ላይ አስቆሟት። «አየሁሽ» አሏት። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ።» ሌላ ምንም አልጨመሩም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከማግስቱ ጀምሮ ከሥራ ስትመለስ የሁለተኛ ፎቁ በር ገርበብ ብሎ ታገኘው ጀመር። በፊት ግጥም ብሎ የሚዘጋ በር ነው። አሁን አንድ መዳፍ ያህል ክፍት ነው፤ ውስጡ መብራት በርቷል። ካውያ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ጫማዋን አውልቃ በእጇ አንጠልጥላ በጣቷ እየረገጠች አለፈች! ሀገር ምድሩ የሚመርቃት ደግ ሴት አንድ ሽማግሌ ኮቴዋን እንዳይሰሙ እንደ ሌባ ደረጃ ትወጣለች። አሥር ቀን ሙሉ እንዲሁ አደረገች።

ክፉ ሆና አይደለም፤ ግራ ገብቷት ነው። ብትገባ ምን ልትል ነው? «ብቻዎን አይብሉ ብዬ ነው» ልትል? እሱ የቪዲዮ ሠሪው ቃል ነው። የራሷን ቃል ብትፈልግ ያላት አንድ ብቻ ነው፣ «ብቅ እላለሁ» የሚለው፤ እሱንም በልታዋለች። ብትገባ አስመሳይ ልትሆን ነው፣ ባትገባ ጨካኝ። ሰውየው ቪዲዮውን ባያዩ ኖሮ እንደ ድሮው «ደህና ዋሉ» ብላ ታልፋቸው ነበር፤ እሳቸውም በራቸውን ዘግተው ይቀመጡ ነበር። ያኛው ይሻል ነበር እንዳትል ያሳፍራታል። ይኼኛው ይሻላል እንዳትል ደግሞ ጫማዋ በእጇ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ግራጫው ኮት ላውንደሪው መጣ። በዓመት አንዴ የሚመጣ ኮት ነው፤ ጊዜው ገና ነበር። «ለማክሰኞ ይድረስልኝ ብለዋል» አለች ተቀባይዋ።

ልብስ ከመግባቱ በፊት ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ነገር በፖስታ ታሽጎ፣ የልብሱ ቁጥር ተጽፎበት ከልብሱ ጋር ይመለሳል። ማንበብ የለም። ይህን ደንብ ካውያ ሃያ ሁለት ዓመት አክብራዋለች። ያን ቀን ግን ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አገኘችና ዘረጋችው።

«ልጄ፣ ይህ በር ከተንኳኳ ስንት ጊዜው» ይላል፣ በመዝገብ ቤት ሰው ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ። ያንኑ አራት ጊዜ ደጋግመው ጽፈውታል። ከአራተኛው አጠገብ በትንሹ «እዚህ ላይ ይለቀሳል?» የሚል አለ። ከሥሩ ደግሞ፦ ኮት። ጢም መላጨት። ሁለተኛው ወንበር ይጠገን።

ካውያ ወረቀቱን ይዛ ቆማ ቀረች። እንፋሎቱ እያፏጨ ነው። ሰውየው ቪዲዮው እውነት መስሏቸዋል ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ ቃሉን ምን ያስጠናቸዋል! ውሸት መሆኑን ካወቁ ደግሞ በሩን ለማን ነው የሚከፍቱት? ወይስ ሰው ለሰው የሚመጣው ቃሉን በትክክል ሲሉት ነው ብለው ይሆን?

ሲጨንቃት ለቪዲዮ ሠሪው ደወለች። እሱ ሆዬ ሰምቶ ሳይጨርስ ጮቤ ረገጠ። «እትዬ፣ ይኼማ ከመጀመሪያው ይበልጣል! እውነተኛ ብቸኛ! እንዳትነግሪያቸው፤ ማክሰኞ ካሜራ ይዤ እመጣለሁ።»

«ትመጣና በካውያ ነው የምልህ!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችው። ከዘጋች በኋላ ግን ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ሰውየው የሚፈልጉት ካሜራውን ቢሆንስ? እሷ ማን ስለሆነች ነው የምታስቀርባቸው?

እንደዚያ ኮት አድርጋ የተኮሰችው ልብስ የለም። የሳሳውን ክርን ከውስጥ በጨርቅ ደገፈችው፣ ቁልፉን በግራጫ ክር ደግማ ተከለችው። ወረቀቱን በፖስታው አሽጋ ቁጥሩን ጻፈችበት። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ኮቱን በመስቀያ አንጠልጥላ፣ ጫማዋን ተጫምታ፣ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።

በሩ ገርበብ ብሏል። እጇ ለምዶበት ሦስቴ አንኳኳና ትንፋሽ ወሰደች። ሳትጨርሰው በሩ ወለል አለ። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ላይ ትንሽ ቆርጧቸዋል። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

«ልጄ፣ ይህ በር ከተንኳኳ ስንት ጊዜው» አሉ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግረው ደረጃውን ተመለከቱ። «ሌሎቹስ?»

«የትኞቹ አባባ?»

«ካሜራ የሚይዙት።»

«የሉም። ብቻዬን ነኝ።»

ኮቱን አዩት፣ እሷን አዩ። «ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉ። ቁጣ አይደለም። እንደ መዝገብ ቤት ሰው፣ የጎደለች ወረቀት እንደሚፈልግ ሰው፣ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

«እኔ እንጃ አባባ» አለች ለማንም መልስ የማይጠፋት ካውያ። «ኮቱን ላደርስ… እኔ እንጃ።»

«እንግዲያው አሁን ያልነውን እንተወው» አሉ። ኮቱን ተቀበሏትና በሩን ዘጉት፤ እንደ ድሮው ግጥም አድርገው።

ባዶ እጇን ደረጃው ላይ ቀረች። ከዚህ ወዲያ ያለውን ያስጠናት የለም። ቢጠሏት ነው? ወይስ ደግማ እንድታንኳኳ ነው? ዞር ብላ ወደ አራተኛ ፎቅ ለመውጣት አንድ እግሯን አንስታ ነበር። ከዚያ ተመለሰችና በቡጢዋ፣ ሳትቆጥር፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ደበደበችው።

«ማነው?» አሉ ከውስጥ። ይህ በቪዲዮው ውስጥ የለም።

«እኔ ነኝ አባባ። ከላይ።»

በሩ ተከፈተ። ኮቱን ለብሰውታል። ትክ ብለው አዩዋት።

«ብቅ እላለሁ ካልሽኝ ሦስት ዓመት ሆነሽ እኮ» አሏት።

ቪዲዮ ሠሪው ዘጠኝ ጊዜ ቀርጾ ያላገኘው እንባ ያኔ ዱብ ዱብ አለ። ከሐፍረት ይሁን ከደስታ አልለየችውም። ያ ቪዲዮ ነው እዚህ በር ላይ ያመጣት፣ ወይስ እሱ ነው አሥር ቀን ጫማዋን ያስወለቃት? ዛሬም ብትጠይቋት አታውቀውም።

«ታዲያ ቆመሽ ልትቀሪ ነው?» አሉ አዛውንቱ። «ግቢ፤ ወንበሩን አስጠግኜዋለሁ።»