የተሰነጠቀው ባሌስትራ

ባሏ ሲሞት የተረፈቻት አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረች። «ሴትና መሪ ምን አገናኛቸው?» ያላት ብዙ ነው፤ እሷ ግን የሰው ዕቃ ከቤት ቤት እያጓጓዘች ልጆቿንና አማቷን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ሰፈሩም ስሟን ትቶ «ሹፌሯ» አላት። ጫኝና አውራጇ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ቁም ሣጥን ተሸክሞ እንኳ ቀልድ የማይቸግረው አፈ ጮሌ።

ከቤታቸው ወደ ዋናው መንገድ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በግንብና በቦይ መካከል፣ ማምለጫ የሌለው ጉድጓድ አለ። «ይሄማ ዘመዳችን ነው፤ ሳንጠይቀው አንውልም» ይል ነበር ወንድምየው።

ከጉድጓዱ ምት መጀመሪያ ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬው፣ ተጣመመ። ቀጥሎ ጎማው ጎኑ ላይ እንደ እባጭ አበጠ። እሱ ቢቀየርም መኪናዋ ወደ ግንቡ በኩል መሳብ ጀመረች። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«የፊቱ ባሌስትራሽ ተሰንጥቋል። ጎማ ሲመታ ወዲያው ይጮኻል፤ ይሄ ሁሉን የተሸከመው ብረት ግን ቂም ይይዛል። እስኪቀየር ምንም እንዳትጭኚ።»

ቤት ስትመለስ ጎረቤቶቿ ዕቃቸውን ደጅ አውጥተው ይጠብቋታል። ደመናው ከብዷል፤ ፍራሹ ሜዳ ላይ ነው።

«አንድ ጉዞ ናት እታለም» አላት ወንድምየው። «ቀስ ብለን እንወርዳለን። ነገ ይሠራል።»

«ተሰንጥቋል እኮ» አለችው። ግን ጫኑ። እሱም የጭነቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውጭ አንጠለጠለ።

ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶት ነበር። ጎማው ሲገባ ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ፤ መሪው ከእጇ ተነጥቆ ዞረ፤ መኪናዋ ግንቡን እየፋቀች ሄዳ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ የሱን ቀልድ ጠበቀች። የመጣው ጩኸት ነበር።

ሐኪሞቹ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

«አንዱን ቀበርኩ፤ ሌላውን አንቺ ቆራርጠሽ ሰጠሽኝ!» አሉ አማቷ አልጋው አጠገብ።

«እማዬ፣ ተያት» አለ ልጃቸው፣ ከንፈሩ ደርቆ። «ተሰንጥቋል እያለችኝ እንሂድ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«መሪው በእኔ እጅ ነበር» አለች ሹፌሯ። አሮጊቷ ፊታቸውን አዞሩ፤ እስከ ዛሬም እህል ውሃ ከማለት ያለፈ ቃል አይሰጧትም።

መንገድ ሠሪዎች መጥተው ጉድጓዱን አፈር ሞሉት። የመጀመሪያው ዝናብ ይዞት ወረደ።

መኪናዋ ተጠገነች፤ ልጆች ይበላሉና አሁንም ትነዳለች። ወንድምየው በክራንች ደጅ ወጥቶ ይቀመጣል፤ የሞተሯን ድምፅ ሲሰማ ግን ላብ ያጠምቀዋል፣ እየተንፏቀቀ ገብቶ በሩን ይዘጋል። ይህን ካየች ወዲህ መኪናዋን ታች ዋናው መንገድ ላይ አቁማ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» ይላታል።

«ደህና ነው፣ ወንድሜ።»

የመኪናዋን ቁልፍ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ታልፋለች።