ጤፍ ውስጥ የተቀበረው ፒር

ልጅ ሳለሁ አንድ ሳምንት ሙሉ ከጥፍሬ ሥር ጤፍ አልጠፋም። እናቴ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ኮልፌ ወደነበረው ቤታችን የተመለሰች ሰሞን ነው። ምግብ አልወርድ አላት። ሐኪሙ እስከ ቅዳሜ ካልበላች ተመልሳ ሆስፒታል እንደምትተኛ ለአባቴ ሲነግረው ሰማሁ። በፊት ወር ሙሉ ተለይታን ስለነበር፣ አሁን ከሄደች የምትመለስ አልመሰለኝም።

አንድ ነገር ብቻ አማራት፤ ፒር። አባቴ አየር ጤና ሄዶ ከጓሮዋ ለቅማ ከምትሸጥ ሴትዮ የተባይ መድኃኒት ያልነካው አምስት ፍሬ ገዝቶ መጣ። ሁሉም እንደ ድንጋይ የጠጠሩ ነበሩ። ከኋላ ያለችውን ክፍል የተከራዩን አባባ ደቻሳ ዕድሜያቸውን በአትክልተኝነት የጨረሱ ሽማግሌ ናቸውና፣ እንዲበስሉ ብለው የጤፍ በርሜላችን ውስጥ ቀበሯቸው።

«ፒር ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበስለው። አንገቱ ሲለሰልስ እኔ አወጣዋለሁ፤ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው» አሉ።

እኔ ነካሁት። ከትምህርት ቤት በመጣሁ ቁጥር ክንዴን እስከ ትከሻዬ ጤፉ ውስጥ ከትቼ አምስቱንም በአውራ ጣቴ እጫን ነበር። ማክሰኞም ጠጣር፣ ረቡዕም ጠጣር። ቅዳሜ ደግሞ እየመጣ ነው።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ አባባ ደቻሳ ሲመሽ የከሰል ምድጃቸውን ደጃፋችን ላይ አስቀምጠው፣ ፍሙ ፊታቸውን ከታች እያበራው ተረት ይነግሩኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት የነገሩኝ ከዶሮ እንቁላል ስለተዋሰች ጦጣ ነው። ጦጣዋ እንቁላሉን ታቅፋ አላስችል ይላትና በየማታው ቅርፊቱን ታንኳኳለች። «አለህ ወይ?» ዝም። ጠንከር አድርጋ ትደግመዋለች። «አለህ ወይ?»

እዚህ ላይ ቆም አሉና እጄን አዩት። ጣቶቼን ጨበጥኩ፤ ግን ዘግይቻለሁ። «ቀሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ» ብለው ምድጃቸውን አንስተው ገቡ። ለአባቴ ይነግሩብኛል ብዬ ስጠብቅ አልነገሩብኝም፤ ይሄኛው ባሰብኝ።

ዓርብ አወጧቸው። የሁሉም አንገት ለስልሷል፣ ሽታቸው ቤቱን ሞላው። የሁሉም ሆድ ግን በእኔ አውራ ጣት ልክ ጠቁሯል። አባቴ «ይሄማ ተበላሽቷል» ብሎ ሊወስዳቸው ሲል እናቴ አንዱን ተቀበለችው። አውራ ጣቷን ጠባሳው ላይ አሳረፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስተኛ እየመጣሽ እኔንም እንዲህ አይደል የምትነኪኝ?» አለችኝ።

አፈርኩ። እሷ ግን ከጠቆረው ጀምራ ገመጠች። ጭማቂው በአገጯ ሲወርድ አባባ ደቻሳ ፊታቸውን ወደ በርሜሉ አዞሩ። ሁለት ጨረሰች። ቅዳሜም የትም አልሄደች።

ዛሬ ቤቴል እኖራለሁ፤ ፒር ስገዛ አንገቱን አንዴ ብቻ ነክቼ እተወዋለሁ። ያን ያህል ተምሬያለሁ። እናቴ ዘንድ ስሄድ ግን፣ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ሸለብ ካደረጋት፣ እጄ አሁንም አያርፍም። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ነካ አደርጋለሁ። ዓይኗን ሳትገልጥ «አለሁ» ትለኛለች።