በውስጠኛው ኮምፒውተር የቀሩ ስሞች

ባለፈው ማክሰኞ ከተማሪዎቼ አንዷ፣ «መምህር፣ ማሽኑ አልነሣ አለኝ። ወደ ድሮው ልመልሰው?» አለችኝ። ጣቷ ማውሱ ላይ ነበር። ከሰሌዳው አጠገብ ተነሥቼ በምን ፍጥነት እንደደረስሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት ክንዷን ጨብጬ ቆሜ ነው። እዚህ ላሊበላ ባለች ትንሽ የሙያ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ሳስተምር ጠጉሬ ገብስማ ሆኗል፤ ተማሪ እቆጣለሁ እንጂ ነክቼ አላውቅም። «ይቅርታ» አልኋት። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። የምትለማመድበት ማሽን ባዶ ነበር፤ ቢጠፋ የሚያለቅስለት ሰው የለም።

የዚያን ቀን ትምህርት ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ነበር። ነገሩ ከስሙ ይቀላል፤ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማበጀት ነው። ውስጠኛው ብረትም ሽቦም የለውም፣ ራሱን ግን እንደ ሙሉ ኮምፒውተር ይቆጥራል። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም፣ ስርዓተ ክወናን፣ እንደፈለጉ ይጭኑበታል፣ ያበላሹታል፣ ያፈርሱታል፤ ውጪኛው ምንም አይሆንም። ማሽኑ ደህና ሳለ ስናፕሾት ካነሡለት ደግሞ የዚያችን ሰዓት መልኩን እንዳለ ያስቀምጣል። ኋላ ቢበላሽ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ወደዚያች ሰዓት መመለስ ነው፤ በመካከሉ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል። በሃያ ሁለት ዓመቴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ያኔ የምሠራው ከገበያው በላይ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚያወጣው ዳገት ላይ በነበረች የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ ከወልድያ ዕቃ ሲያመላልስ ስለሚሰነብት ቤቱን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ የሰርግ ጥሪ አትማለሁ፣ ለአስጎብኚዎች ፎቶ በሲዲ እገለብጣለሁ። ክረምት ላይ ግን እንግዳ የለም፤ ጭጋጉ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወርዶ ደጃፍ ላይ ይቆማል፣ ሥራም አብሮ ይቆማል። ያን ጊዜ ነው አንድ ፈረንጅ ትቶልኝ በሄደ፣ ሊኑክስ የሚባል ስርዓተ ክወና ባለበት ሲዲ ውስጠኛ ኮምፒውተር መሥራት የጀመርሁት። ከዚያ ወዲያ አዲስ አበባ የሚማር ጓደኛዬን በአውቶቡስ ሰው ሲዲ ላክ እያልሁ አሰለቸሁት። ከሊኑክስ ዓይነቶች ኡቡንቱ ጫንሁ፣ ፌዶራ ጫንሁ፣ ስሙን እንኳ ማንበብ የማልችለውን ሁሉ ጫንሁ። ለእያንዳንዱም ውስጠኛ ማሽን ጎጆ አንድ፣ ጎጆ ሁለት እያልሁ ስም አወጣሁ። ጎጆ አራትን በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ አፍርሼ ስድስት ጊዜ መልሻታለሁ። ጋሽ ሰይድ እያየ፣ «ወላሂ ይሄ ልጅ የራሱ ቤት ሳይኖረው መንደር ቆረቆረ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ቄስ ሞላ በጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ከሴት ልጃቸው ከስንዱ ጋር መጡ። ከገነተ ማርያም በላይ ካለ አንድ ተረተር በእግር ወርደው ነው። ነጠላቸው የመንገድ አቧራ ጠጥቷል። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡና ለምን እንደመጡ ነገሩኝ።

በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በዚያ ተረተር ላይ ያለቀው ሰው ብዙ ነው። ከትልቅ እስከ ትንሽ አንድም ሳይቀር የተዘጋ ቤት ነበር። ሰው በጸሎት የሚነሣው ደግሞ በክርስትና ስሙ ነው፤ ያንን የሚያውቁት ቤተ ሰቡና የንስሐ አባቱ ናቸው። ቤተ ሰቡ እንዳለ ሲያልቅ ስሙ የቀረው የንስሐ አባታቸው ቄስ ሞላ ዘንድ ብቻ ሆነ። ደብተር ነበራቸው፤ ምስጥ በላው። ከዚያ ወዲህ በቃላቸው ያዙት። ከሃያ ዓመት በላይ ጠዋት ጠዋት ውኃ ሳይቀምሱ፣ በሐሳባቸው ከምንጩ ተነሥተው ዳገቱን ይወጣሉ፣ በየደጁ እየቆሙ ሁሉንም በስማቸው ይጠራሉ።

«ዓይኔም ልቤም እየደከመ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «እነዚህን ሰዎች ይዣቸው ብሄድ ማን ይጠራቸዋል? ለሚተካኝ ቄስ በጽሑፍ ላስረክባቸው እሻለሁ። ስንዱ ኮምፒውተር ተምራለች፤ አንተ ቦታውን ስጠን።»

«ይስጥህ» የሚለውን ምርቃት ሳልጠብቅ ነው እሺ ያልሁት። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በሰው ፍላሽ በሚመጣ ቫይረስ ዘወትር ይታመም ነበር፤ ሰነድ ሲሰወርብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ስለዚህ አንዲት ንጹሕ ጎጆ ሠራሁላቸው፣ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ጫንሁባት፣ ስናፕሾት አነሣሁላትና «ንጹሕ» ብዬ ሰየምሁት። ጎጆ ሰባት ነበረች። ቫይረሱ ውጪ ይቀራል፣ ስሞቹ ውስጥ ይቀመጣሉ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ቤት በቤት ውስጥ ነው የምትለኝ?» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«እኛማ በድንጋይ ውስጥ የምንቀድስ ሰዎች ነን፤ ይሄ አይደንቀንም» ብለው ሣቁ። ሲስቁ ያየኋቸው በዚያ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙም አላየሁም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ይመጡ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ጫፍ ወለሉን መታ እያደረጉ ይጠራሉ፤ ስንዱ ትጽፋለች። «አሁን ምንጩን አለፍን። በስተ ግራ ኮሶው ያለበት ቤት። አባትዮው ገብረ መስቀል። እናትዮዋ…» በስድስት ሰዓት ስንዱ ከአገልግሏ የገብስ ቂጣና ስልጆ ታወጣለች፤ ለእኔም ትቆርስልኛለች። አባቷ ግን የጀመሩትን ቤት አስጽፈው ሳይጨርሱ አይቀምሱም። ስንዱን ወድጃት ነበር ብል ውሸት አይሆንም። ስለ ጎጆዎቼ የማወራው ግማሹን ለእሷ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ሆን ብዬ አበላሽቼ መልሼ ሳስነሣው «እንዴ!» ስትል ጉራዬ አናቴ ላይ ይወጣ ነበር።

አንድ ቀን ከኋላዋ ቆሜ ሳለሁ ቄስ ሞላ አንድ ስም ጠርተው የመቋሚያቸውን ምት አቆሙ። ስንዱ እጇን ከፊደሉ ላይ ሳታነሣ ጠበቀች። «ወለተ ጻድቅ» አሉ ደግመው። «ሦስት ዓመቷ ነበር። ያጠመቅኋትም የቀበርኋትም እኔ ነኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠርገው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ያ መስመር በማሳያው ላይ እንዴት እንደተጻፈ ዛሬም ይታየኛል። ከላዩና ከታቹ የነበረውን ግን አላየሁም።

ገና አካባቢ ስንዱ፣ «እስከዛሬ የጻፍሁትን በወረቀት ላውጣው?» አለችኝ። «ቀለም ለምን ይባክናል? ሲያልቅ በአንድ ላይ በጥሩ ወረቀት እናወጣዋለን፣ ይጠረዛል» አልኋት። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ቄስ ሞላም በዚያው ሰሞን፣ «እግዜር ይስጥህ፣ ሸክሜን አወረድህልኝ» አሉኝ። «አንዱን ቤት ባስጻፍሁ ቁጥር ያንን ቤት ጠዋት መጥራቱን ተውሁት። ስንት ዓመቴ፣ ከንጋት ጸሎት በኋላ ተኝቼ አላውቅም ነበር። አሁን እተኛለሁ።» እኔ ደስ አለኝ። እንዴት ደስ አይለኝ?

በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ መብራት ጠፍቶ መጣ። ጎጆ ሰባትን ስከፍታት ጥቁር ሆና ቀረች። መብራት በሄደ ቁጥር ጎጆዎቼ እንዲህ ይሆኑ ነበርና አላሰብሁም፤ እጄ መንገዱን ያውቃል። ወደ «ንጹሕ» መልስ አልሁት። ያለውን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ቦታ ይበላል ብዬ እንደ ልማዴ አይሆንም አልሁት። ማሽኗ ብድግ አለች፣ እንደ ተሠራችበት ቀን ታበራለች። «ተስተካከለች!» ብዬ ለባዶ ቤት ተናገርሁ። ቀጥዬ የስንዱን ሰነድ ፈለግሁ። ሰነድ የለም። በጥቅምት ያነሣሁት ስናፕሾት ውስጥ ስንዱ ገና አንድ ፊደል አልጻፈችም ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ዓርብን ሙሉ ያለ የሌለውን ዘዴ ሞከርሁ። በስልክ ጓደኛዬን ጠየቅሁት፤ «በቃ የለም፣ ደምሌ» አለኝ።

አሁን የምናገረው ከስሕተቱ የባሰውን ነው። ስሕተትስ ማንም ይሳሳታል። ቅዳሜ ቄስ ሞላ ሲመጡ፣ «ኮምፒውተሩ ትንሽ ታሟል፣ አባ። ጽሑፉ ግን አለ፣ አይሥጉ» አልኋቸው። እሳቸው አመኑኝ። «ካለማ ምን ቸገረን፤ የቀሩት ሁለት ቤቶች ናቸው፣ በወረቀት ይጻፉ» አሉና ከተረተሩ ጫፍ ያሉትን ሁለት ቤቶች ለስንዱ አስጻፏት። ያን ቀን መቋሚያቸውን ይዘው ዳገቱን ብቻቸውን የሚወጡ ጤነኛ ሰው ነበሩ። ስሞቹን ከተዉ ወራት ብቻ ነው፤ ብነግራቸው ኖሮ ብዙውን ይመልሱት ነበር። በሚቀጥለውም ቅዳሜ «እየጠገንሁት ነው» አልኋቸው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ምን ይመጣልኛል ብዬ እንደምጠብቅ አላውቅም። ምናልባት ለእኔም የሆነ ሰው ስናፕሾት ያነሣልኝ መስሎኝ ነበር።

በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ አልመጡም። ከእነሱ አገር ለገበያ የወረደ ሰው፣ አንድ ጎናቸውን ይዟቸው ተኝተዋል አለኝ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰማ ፊቴን አየ። ነገሩን ሁሉ ነገርሁት። «አብሽር፣ አይዞህ» አላለኝም፤ የዚያ ሰው አፍ ያለዚያ ቃል አይከፈትም ነበር። «ሂድ» ብቻ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሄድሁ። በልግ አልጣለም፤ መንገዱ ዱቄት ሆኗል። ከገነተ ማርያም በላይ ነፋሱ ፊት ይልጣል። ዳገቱን ስወጣ መጀመሪያ ምንጩ መጣ፣ ቀጥሎ በስተ ግራ ኮሶው። ከኮሶው ሥር ቤት የለም፤ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ከዚያ በላይም ክምር፣ ከዚያም በላይ። ያን ሁሉ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሰማው የኖርሁት መንደር ይህ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፣ አለቀስሁ።

ቄስ ሞላ መደብ ላይ ተጋድመው ነበር፤ ስንዱ ከራስጌያቸው። ተንበርክኬ ነገርኋቸው። መጥፋቱንም መዋሸቴንም። ከዚያ በደህናው ጎናቸው እጅ ብርድ ልብሱን መታ መታ እያደረጉ፣ ቃሉ በግማሽ አፋቸው እየተንሸራተተ ጀመሩ። ስንዱ ወረቀት አመጣች። በምንጩ አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ቤት ጠሩ። ከኮሶው ቤት ገብረ መስቀልን ጠሩና ቆሙ። እጃቸው ይመታል፣ ቃል ግን አይመጣም። ስንዱም እየሰማች ጽፋ አለፈች እንጂ ስሞቹን በቃሏ አልያዘቻቸውም።

ልረዳቸው ብዬ፣ «ወለተ ጻድቅ የምትባል ነበረች፣ አባ» አልሁ።

ወደ እኔ ዞሩ። «ወለተ ጻድቅ?» አሉ። «የማን ልጅ ናት?»

ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ «ይፍቱኝ፣ አባ» አልሁ። እጃቸው ወደ መስቀላቸው ተነሣና መልሶ ወረደ። ሕማማት መሆኑን ረስቼ ነበር፤ በሕማማት መስቀል አይሳለሙም፣ ቄስም እስከ ስቅለት ዓርብ አይፈታም። «ዓርብ… ና» አሉኝ።

ስንዱ እስከ ደጅ ሸኘችኝ። አልጮኸችብኝም። «ያን ቅዳሜ ብትነግረን አባዬ ደህና ነበሩ» አለች። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ በገበያ ብታየኝም መንገድ ትለውጥ ነበር።

ቄስ ሞላ ሐሙስ ዐረፉ። በሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም፤ በሆሳዕና ለሁሉም በአንድነት የተደረገው ይበቃዋል ይባላል። ዕድሜያቸውን በሙሉ የሌላውን ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው በዝምታ ተቀበሩ። ዓርብ እፈታ ነበር፤ ዓርብ ግን የሄድሁት መቃብራቸው ላይ ነው። ኋላ ሌላ ቄስ ፈቶኛል፣ ንስሐም ሰጥቶኛል። እሱ የሰጠኝን ጨርሻለሁ፤ ስሞቹ ግን አልተመለሱም።

ወረቀቱ ዛሬ በተካቸው ቄስ እጅ ነው፤ ሁለቱ የጫፍ ቤቶች፣ የምንጩ ቤት፣ ገብረ መስቀልና ከቀሩት ቤቶች ሁሉ አንዲት ስም። ቄሱን ይህችን ከማን ጋር እንጻፋት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ብቻዋን ጻፏት።

ባለፈው ማክሰኞ ተማሪዬን አጠገቧ ተቀምጬ፣ «ማሽኑን ከመመለስሽ በፊት ስናፕሾቱ ከተነሣባት ሰዓት ወዲህ ማን ምን እንደጻፈበት ጠይቂ» አልኋት። «መምህር፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሠራበት» አለች። «ቢሆንም ጠይቂ» አልኋት። ግራ ገብቷት ሣቀች፣ ከዚያም ቁልፉን ተጫነችው።

ወለተ ጻድቅ የሚለውን ስም በያዝሁት ማሽን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ በፍላሽም፣ በወረቀትም አለኝ። አላመንኋቸውም። ውኃ ሳልቀምስ በየጠዋቱ እጠራታለሁ፤ ዛሬም ጠርቻታለሁ። በሐሳቤ ከምንጩ ተነሥቼ ዳገቱን እወጣለሁ፣ በየክምሩ ፊት እቆማለሁ፤ የቱ ደጅ ላይ እንደምጠራት ግን አላውቅም።