የፍሬኑ ሁለተኛ መስመር

መኪናዬ ከሥሯ ጥቁር ሆና ስትብለጨለጭ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ባሳጠብኳት ቁጥር ሥሯን ናፍጣ አስረጫለሁ። ብረቱም ጎማውም ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ አሮጌ መኪና ናት፤ ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር የምገባው።

በየወሩ በአምስት እናቴን ሳሪስ አቦ አደርሳታለሁ። አንድ ቀን ተሳልማ ወደ ቃሊቲ ቁልቁል ስንመለስ፣ ፊታችን አንድ ሚኒባስ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ፔዳሉ እግሬ ሥር ስምጥ አለ። እናቴ ከጎኔ የጸበል ጀሪካኗን አቅፋ ስለ ጎረቤታችን ታወራኛለች። ደግሜ ረገጥኩ፤ ፔዳሉ ወለሉ ጋ ሊደርስ ሲል የሆነ ደካማ ነገር ያዘልኝ። ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ለግንባታ የተደፋ አሸዋ ውስጥ አፍንጫዋን ሰክቼ ቆምኩ።

«እዚህ ደግሞ ምን ልትገዛ ነው?» አለችኝ እናቴ።

ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

ስልክ ደውዬ የጠራሁት መካኒክ ጠና ያለ ሰው ነው። ከሥር ገብቶ ከፊት ጎማ ላይ የፈነዳውን የፍሬን ቱቦ ፈትቶ አወጣው። ከላይ ያብረቀርቃል፤ በአውራ ጣቱ ሲጫነው ግን እንደራሰ ዳቦ ገባ።

«ናፍጣ ታስረጫለህ እንዴ?»

«አዎ» አልኩ፣ ወደ እናቴ ሳላይ።

«ናፍጣ እኮ ጎማ ይበላል፤ ይኼ ቱቦ ደግሞ ጎማ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ቆምን?»

«ፍሬኑ ሁለት መስመር ነው። አንዱ ቢፈነዳ ሌላው የራሱን ዘይት ይዞ ይቀራል። ሲሠራም እንዲያ ተብሎ ነው።»

ተገረምኩ ማለት ያንሳል። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ወረቀቱ ላይ አጎንብሶ እኔ የማጠፋበትን ቀን አስቦልኛል። እናቴ ከጎኔ እንደምትቀመጥ ያወቀ ነው የመሰለኝ።

እናቴ ሁሉንም ሰምታ ወደ መካኒኩ ዞረች።

«ይኼን ሁለት አድርጎ የሠራው ሰውዬ ክርስትና ስሙ ማነው?»

«ፈረንጅ ነው እማማ። እኔ የት አውቄው።»

«ፈረንጅስ ቢሆን እናቱ ስም አላወጣችለትም?»

መካኒኩ ዘይት በነካው እጁ ግንባሩን ጠረገ።

አሁን የመኪናዬ ሥር በአቧራ ነጭ ነው። ወሩ በገባ በአምስት፣ ከመነሳታችን በፊት ተንበርክኬ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እዳብሳለሁ፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቀኛለች። አቦ ስንደርስ ከኋላዋ ቆሜ ጸሎቷን እሰማለሁ። መጀመሪያ «ስሙን አንተ የምታውቀው የፍሬኑ ሰውዬ» ትላለች። ቀጥላ የእኔን ክርስትና ስም ትጠራለች።