ሁሉም የተነሣበት ድምፅ

አምባሳደር የሺዋስ አለበል ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው አማኑኤል ሲገቡ፣ የአገሩ ሰው ትልቅ መኪናና ትልቅ ኩራት ይዘው ይመጣሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። መኪናው አልመጣም። ኩራቱም ቢሆን ባርኔጣቸውን ሲያስተካክሉ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። የአባታቸውን ቤት አሳድሰው፣ ጓሮው ላይ ድንች ተክለው፣ እንደማንኛውም ሰው እድር ገቡ። ስለ ውጭ አገር ኑሯቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ያን ያህል ዘመን በመንግሥት ወንበር ተቀምጠው የተማሩት ትልቁ ነገር ወንበሩ የራሳቸው አለመሆኑን እንደሆነ ይነግሩታል። ጠያቂው የቤተ መንግሥት ግብዣ ወሬ ፈልጎ የመጣ ነውና ቅር ብሎት ይሄዳል።

ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ በደንብ የታወቀው በጤናዬ ጉዳይ ነው። ጤናዬ ባሏ የሞተባት፣ ያየችውን ሳትናገር የማታድር ሴት ናት። አንድ ቀን በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ ሀብታም ሲሞት አዲሱ ድንኳን በጠዋት ይተከላል፤ ድሃ ሲሞት ግን የተቀደደው፣ ያውም ከቀብር በኋላ ይመጣል፤ ለምን አለች። ሰብሳቢው አቶ እንዳላማው እንዲህ ያለ ጥያቄ በአደባባይ ተጠይቀው አያውቁም። ፊታቸው ጠቆረ። እድሩን ሰድባለችና ትውጣ አሉ።

ከእድር መውጣት ቀላል ነገር አይደለም። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት አስከሬኑን የሚሸከም፣ መቃብሩን የሚቆፍር፣ ከልጆቹ ጋር የሚቀመጥ የለም። ጤናዬ ደግሞ ደረቷን ያማት ነበር። መጪውን ክረምት ማለፏን እሷም እርግጠኛ አልነበረችም።

ነገሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ካለው ዝግባ ሥር ለድምፅ ቀረበ። በእድሩ ልማድ የሚስማማ ይነሣል፣ የማይስማማ ይቀመጣል። አቶ እንዳላማው «ትውጣ የምትሉ ተነሡ» ሲሉ የደብሩ አዛውንት መምህር መሪጌታ አምደሚካኤል ብድግ አሉ። መሪጌታ ቆመው ማን ሊቀመጥ! እድርተኛው በሙሉ ጋቢውን እየሰበሰበ ተነሣ። ጤናዬ ራሷ ሳይታወቃት ከመቀመጫዋ ከፍ ብላ ነበር። አምባሳደሩም ጉልበታቸው ሊነሣ ሲል ደረሱበትና መልሰው አስቀመጡት።

ቀጥሎ «ትቆይ የምትሉ» ተባለ። አምባሳደሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሕዝቡም እንደገና በሙሉ ተነሣ፣ መሪጌታም ጭምር። ታዲያ ይህን የሚያህል ሽማግሌ ቆሞ እያዩ መቀመጥ ነውር አይደለም? አቶ እንዳላማው ግራ ገባቸው። ሁሉም እንድትወጣ ፈርዷል፤ ሁሉም እንድትቆይም ፈርዷል። በመጨረሻ ወደ አምባሳደሩ ጎንበስ ብለው፣ እርስዎ ካሉ ትቆይ አሉ። ጤናዬ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ብልጥ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አምባሳደሩ ግን አንድ የሩቅ አገር ትዝ አላቸው። እዚያ በሥራ ላይ ሳሉ አንድ የሕዝብ ምክር ቤት እንደ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ከላይ ካለው የእንግዶች መቀመጫ ሆነው አይተዋል። ከዓመታት በኋላ፣ ካጨበጨቡት ውስጥ ብዙዎቹ መታሰራቸውን ሰሙ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም የሚነሣበት ስብሰባ ያስፈራቸዋል።

«ይህ ድምፅ አይቆጠርም» አሉ። «አሁን የተነሣችሁት ለእኔ ነው። ቅድም ደግሞ ለመሪጌታ ተነሣችሁ። በጤናዬ ጉዳይ እስካሁን የፈረደ ሰው የለም።»

ጤናዬ አጠገባቸው ደርሳ እጃቸውን ያዘች። «ጋሼ፣ ተርፌ እኮ ነበር። ቢገለብጡብኝስ?»

«አብሬሽ እወጣለሁ» አሏት፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሌላው ቢሰማ ኖሮ ድምፁ ዳግመኛ የእሳቸው ይሆን ነበር።

ከጎረቤት የባቄላና የአተር ቆሎ አስመጡ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ አተር ይወስዳል። ትቆይ የሚል ባቄላውን፣ ትውጣ የሚል አተሩን፣ በጋቢ የተሸፈነ እንስራ ውስጥ እጁን አስገብቶ ይጥላል። በእጁ የቀረችውንም ማንም ሳያያት ይበላታል። ነገሩ አዲስ በመሆኑ ሁለቱንም የበሉ አልጠፉም። እንስራው ሰፌድ ላይ ሲገለበጥ መሪጌታ ራሳቸው ቆጠሩ። በጥቂት ቢሆንም ባቄላው በለጠ። መሪጌታም ቅድም የተነሡት እግራቸው ደንዝዞ ስለነበር እንደሆነ ያን ጊዜ ተናገሩ።

ጤናዬ ክረምቱን በደህና ወጣች። በመስከረም የአቶ እንዳላማው ዘመን አበቃና አዲስ ሰብሳቢ መምረጥ ግድ ሆነ። አምባሳደሩ ሲጠቆሙ ነገሩ ያለቀለት መሰለ። እሳቸውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ነበር። ቆሎው ተጣለ፣ ተቆጠረ፣ አብረዋቸው የተጠቆሙት አቶ ገዳሙ የሚባሉ ዝምተኛ ገበሬ ተመረጡ። የአምባሳደሩ ጆሮ ጋለ። አዲሱን ሰብሳቢ እጅ ነሥተው፣ ትንሽ ፈጠን ብለው ወደ ቤታቸው አመሩ።

ጤናዬ መንገድ ላይ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ ከሰው ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ። እኔም አልመረጥሁዎትም።»

ቆሙ። ለምን እንደሆነ ጠየቋት።

«እርስዎ ነገር ያስረዝማሉ። ሬሳ ደግሞ አይጠብቅም።»

አምባሳደሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ መንገዱ መሀል ላይ እንደቆሙ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ከዚያ በኋላ «ጤናዬ ፊት ለፊት አልመረጥሁዎትም አለችኝ» እያሉ፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው፣ ላገኙት ሁሉ ሲያወሩ ከረሙ።